ዲሹ የወረደበት ቤት

አንድ ሰው ነበረ። የተማረ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ቤቱን የሚያከብር ሰው ነው። ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ዓይናቸው የጠፋ አባትም ነበሩት። ስሙን አልነግርህም። ብነግርህ ነገ «እገሌ እንዲህ አደረገ» እያልክ የእሱን ኃጢአት ስትቆጥር ትውላለህ እንጂ የራስህን አታይም።

ጠበል ልረጭልህ መጥቼ ገና ሳልቀመጥ «አባ፣ ዲሹን አውርጄ ኢንተርኔት ላስገባ ነው፤ በሪሞት መጣላቱ ሰለቸን፤ ሁሉም የፈለገውን በየክፍሉ ይይ፤ ይህ ነገር ጥፋት አለው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። የነፍስ አባት ስለ ዲሽ ምን ያውቃል ብለህ አለማፈርህን ወደድኩት። አጭር መልስ ልሰጥህ እችል ነበር። ግን የለውም ብልህ ደስ ብሎህ ትረሳዋለህ፤ አለው ብልህ ደግሞ ተኮሳትረህ ትረሳዋለህ። ስለዚህ ተቀመጥና ስማ፣ ልጄ አሸብር። ስልክህንም ከጉልበትህ ላይ አንሳው።

ያ ሰው አባቱን ከገጠር ያመጣቸው ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው። እኚህ አባት በአገራቸው የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። በድንበር የተጣላ፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ ከወንድሙ የተካካደ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር። ከተማ ሲገቡ የሚያስታርቁት ሰው አጡ። ልጃቸው ሳሎን ውስጥ ለቴሌቪዥኑ በጣም ቅርብ የሆነውን ወንበር ሰጣቸው፤ እሳቸውም «ለማያይ ሰው የቴሌቪዥን ወንበር!» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

ወንበሩ ግን ሥራ ያለው ወንበር ሆነ። የዚያን ጊዜ ዲሹ ጣራ ላይ ነበር። ነፋስ በነፈሰና ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከቦታው ይዞራል፤ ሥርጭቱ ይቋረጣል። ይኸኔ ሰውየው ጣራ ላይ ይወጣል፣ ሚስቱ ደጅ ትቆማለች፣ ትልቁ ልጅ መስኮቱን ይይዛል። ከጣራ «መጣ?» ይባላል፤ ጥያቄው ከደጅ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ሳሎን ይገባል። መልሱን የሚሰጡት ሽማግሌው ናቸው። ድምፁ ገና እንደ ሹክሹክታ ሲጀምር የእሳቸው ጆሮ ይይዘዋልና «መጣ! መጣ! እንዳይነካው በሉት!» ይላሉ። ያ ቃል በመጣበት መንገድ ተመልሶ ጣራ ይወጣል። ዓይን ያለው ሁሉ የእሳቸውን ጆሮ አምኖ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሲመሽ ሁሉም እዚያች ሳሎን ይሰበሰባል። መሰብሰብ ስልህ በፍቅር እንዳይመስልህ፤ ጠብ ያለሽ በዳቦ ነበር። ትልቁ ልጅ ኳስ ይላል፤ ሴቷ ልጅ ድራማዬ ሊያልፈኝ ነው ትላለች፤ ትንሹ ካርቱን ካልተከፈተ ብሎ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ እናትየዋ ዜና ትላለች። ሪሞቱ ከእጅ ወደ እጅ ይነጠቃል፣ ባትሪው ወድቆ ሶፋ ሥር ይገባል። በመጨረሻ ሪሞቱ ሽማግሌው እጅ ላይ ይቀመጣል። እሳቸው ምንም ስለማያዩ ለማንም አያዳሉም ተብሎ ነው። «ዛሬ የእሷ ይሁን፣ ነገ የእሱ። አንተ ደግሞ ትንሹ፣ አልቅሰህ አታሸንፈኝም» ይላሉ። የተፈረደበት አኩርፎም ቢሆን ይቀመጣል። ሌላ የሚሄድበት የለውማ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን ለእሳቸው መንገር ይጀመራል። ይህን ማንም አላዘዘም፤ እንዲያው ልማድ ሆኖ ነው።

«አሁን ማነው የገባው?» ይላሉ።

«ያ ወንድሙን የካደው ነው፣ አባባ። አበባ ይዞ ነው የመጣው» ትላለች ሴቷ ልጅ።

«አበባውን እንዳትቀበለው በያት!»

ቤቱ ይስቃል። ኳስ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ልጅ የቡድኑን መሸነፍ እያማረረ ኳሷ የማን እንደሆነች፣ ማን ማንን እንደጠለፈ ይነግራቸዋል። እሳቸውም ሕጉን ሳያውቁት በዳኛው ላይ ይፈርዳሉ። እኚያ ዓይን የሌላቸው ሰው እንዲህ እያሉ በቤተሰቡ ዓይን ያዩ ነበር።

መብራት ሲጠፋማ ንግሥናው የእሳቸው ነው። ሌላው ባለበት ሲደናበር እሳቸው ተነሥተው ቀጥ ብለው ጓዳ ይገቡና ሻማና ክብሪቱን ይዘው ይመጣሉ። «አሁን ገና እኩል ሆንን» ይላሉ። ከዚያ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ የአገራቸውን ወሬ ያወራሉ። ጥሩ ቦታ ሲደርሱ ሆን ብለው ያቆማሉ፤ ልጆቹ «ከዚያስ?» ብለው እንዲለምኗቸው ነው። መብራቱ ሲመጣ ልጆቹ ተንጫጭተው ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራሉ። እሳቸውም «ቀሪው ሲጠፋ ነው» ብለው ይተዉታል። ልጆቹ ታሪኩ ሲጥማቸው መብራቱ ባልመጣ ብለው የሚመኙበት ጊዜ ነበር።

የቤቱ ጌታ ግን ሰለቸው። በዚህ አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጨቀጭቀው ውሎ የሚገባ ሰው ቤቱም በጭቅጭቅ ሲቀበለው ይመርረዋል። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የሥራ ባልደረባው «ምን ያዳርቅሃል? ዲሹን አውርደህ ኢንተርኔት አስገባ። ሁሉም በየስልኩ የፈለገውን በፈለገው ሰዓት ያያል» ብሎ መከረው። እሱም ምክሩን ሰማ። ዲሹ ከጣራ ወርዶ የዶሮ ቤት ክዳን ሆነ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ትንሽ ሳጥን ተሰቀለ።

ዲሹ ሲወርድ ሽማግሌው የቆርቆሮውን ኳኳታ ሰምተው «ከእንግዲህ ነፋስ ሲመጣ ማንን ልትጠይቁ ነው?» አሉ።

«ይኼኛውን ነፋስ አይነካውም፣ አባባ» አለ ልጃቸው እየሳቀ።

እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ጠቡ በዚያው ሰሞን ሞተ። ትልቁ ልጅ ኳሱን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያያል። ትንሹ ታብሌቱን ታቅፎ ጥጉን ይይዛል። ባልና ሚስቱም አንድ አልጋ ላይ ሆነው ሁለት ፊልም ያያሉ፤ በየጆሯቸው ማዳመጫ አለ። እራቱም በየፊናው ሆነ፤ ሁሉም ሲርበው ይበላል። ሴቷ ልጅ መጀመሪያ ላይ ስልኳን ይዛ ከአያቷ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። እሳቸውም እንደ ድሮው «አሁን ማነው የገባው?» ይላሉ፤ ማዳመጫው ጆሮዋ ውስጥ ነውና አትሰማም። ደግመው ሲጠይቋት ነቅላ «አቤት፣ አባባ?» ትላለች። «ተይው፣ ምንም አይደል» ይሏታል። ጥቂት ቆይታ እሷም ወደ ክፍሏ ገባች። ክፋት አልነበረባትም፤ እዚያ ምቹ ነው።

ጎረቤቱ «የእነ እገሌ ቤት ምን ቢባረክ ነው ድምፅ የማይሰማበት?» አለ። ሰውየውም ሰላም ስለሰጠኸኝ ተመስገን ብሎ ጸለየ። ይህን ልብ በል፤ ጸለየ። እኔ ብዙ ቤት እገባለሁ፣ ልጄ። ጸጥታን ሰላም ነው ብሎ የሚያመሰግን ሰው ስንት እንዳየሁ አትጠይቀኝ። መቃብር ቤትም እኮ ጸጥ ያለ ነው።

አባቱን ረሳ እንዳትል። አልረሳም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ትልቁን ቴሌቪዥን ለእሳቸው ብቻ ተወላቸው። ስብከቱን፣ መዝሙሩን፣ የድሮውን ትረካ ሁሉ ፈልጎ አሰናዳላቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይቀጥላል። ከሥራ ሲመጣ ይከፍትላቸዋል፣ ትራሳቸውን ያስተካክላል፣ ጋቢያቸውን ያለብሳቸዋል፣ «አባባ፣ ሁሉም አለልዎት» ይላቸዋል። እሳቸውም «ተባረክ» ይሉታል። ውሸት አልነበረም፤ ሁሉም ነበራቸው። የሚጠይቁትና የሚጠይቃቸው ሰው ብቻ አልነበረም።

እየቆዩ ንግግራቸው አነሰ። የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይተኛሉ። ሚስቱ አንድ ቀን «አባባ ደከም አላሉብህም?» አለችው። «እርጅና ነው እንጂ ምን ጎደለባቸው?» አላት። እሷም እውነት ነው ብላ ተወችው። ያን ሰሞን ደግሞ፣ ዕድል ከተባለ፣ መብራት አልጠፋም።

አንድ ምሽት ሰውየው ውሃ ሊጠጣ ከመኝታ ቤቱ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ የአባቱን ድምፅ ሰማ። ከሰማው የቆየ ድምፅ ነው፤ ሞቅ ያለው፣ የሽምግልናው ድምፃቸው። እንግዳ መጥቶ ነው ብሎ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ወደ ሳሎኑ በር ቀረበ።

«ወንዙ ሞልቷል» ይላሉ። «በወዲህ ማዶ ሚዜዎቹ ቆመዋል፤ በወዲያ ማዶ ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ናት። ዝናቡ አልቆመም። እኔ ልሻገር የሚል ወንድ ጠፋ።»

እዚህ ላይ አቆሙ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። «ከዚያስ?» የሚል የለም። ትንሽ ቆይተው «እሺ፣ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ» አሉና ቀጠሉ።

ሰውየው አንገቱን አስግጎ አየ። ሶፋው ባዶ ነው። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ቴሌቪዥኑም ቆሟል። ይህ አዲሱ ነገር ብዙ ሰዓት ማንም ሳይነካው ሲቀር በራሱ ይቆማል። «አሁንም እያዩ ነው?» የሚል ጽሑፍ በቴሌቪዥኑ ገጽ ላይ አውጥቶ መልስ ይጠብቃል። ያን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። መቼ እንደቆመም የሚያውቅ የለም።

ሰውየው ወደ ሳሎኑ ገባ። «አባባ» አለ።

«መጣህ?» አሉ ሽማግሌው ሳይደነግጡ። «ና ተቀመጥ። መብራት ጠፍቶ እኮ ነው። ልጆቹን እያጫወትኳቸው ነው።»

ምን ይበል? መብራት አለ ቢላቸው፣ ልጆቹ የሉም፣ ለባዶ ወንበር ሲያወሩ ቆይተዋል ማለቱ ነው። አዎ ጠፍቷል ቢላቸው፣ ዓይን የሌለውን አባቱን በዓይኑ እያየ መዋሸቱ ነው። ወደ ደጅ ወጣ፣ ቆጣሪው ካለበት ግድግዳ ደረሰ፣ የቤቱን መብራት በሙሉ ከዚያ አጠፋው። የአባቱን ቃል እውነት ሊያደርግላቸው ነው።

ወዲያው በሮች ይከፈቱ ጀመር።

«ዋይፋዩ ሄደ!» አለ ትልቁ ልጅ።

«ዋይፋይ ብቻ መሰለህ? መብራቱ ነው የሄደው» አለች እህቱ ስልኳን እያበራች።

ትንሹ ጨለማ ይፈራልና «አባባ! አባባ!» እያለ ግድግዳ እየዳበሰ መጣ። እናትየዋም መጣች። አንድ በአንድ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እንደዚያ ከተቀመጡ ምን ያህል እንደቆዩ ከመካከላቸው ያሰበ አልነበረም። ሰውየውም ከደጅ ተመልሶ ከአባቱ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ልቡ ቀለል አለው። ሳያውቁት ነገሩን አስተካከልኩላቸው ብሎ አሰበ።

ሽማግሌው ግን ታሪኩን አልቀጠሉም። ጆሯቸውን አቅንተው ያዳምጡ ነበር። ከዚያ በቀስታ «አሁን ጠፋ» አሉ።

«ምኑ፣ አባባ?» አለች ሴቷ ልጅ።

«መብራቱ ነዋ። ፍሪጁ ዝም አለ። ቅድም ያጉረመርም ነበር።»

«ታዲያ ቅድም መብራት ጠፍቷል ያሉኝ…» አለ ሰውየው።

«መብራት መኖሩንማ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ሳሎኑ ባዶ መሆኑንም አውቃለሁ፤ የሰው ትንፋሽ አይጠፋኝም። ግን ልጆች የሉኝም ከምል፣ መብራት የለም ብል ይቀለኛል ብዬ ነው።»

ይህን በጨለማ መስማታቸው ደግ ሆነ፤ በብርሃን ቢሆን ዓይን ለዓይን መተያየት አይችሉም ነበር። ሰውየው ግንባሩን በአባቱ ጉልበት ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ትልቁ ልጅ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ሴቷ ልጅ የአያቷን እጅ ያዘች። ትንሹ ብቻ ነገሩ አልገባውም፤ ሻማው የታለ እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር።

ልጄ አሸብር፣ ሰውየው በማግስቱ ዲሹን ከዶሮ ቤቱ ላይ አንሥቶ መልሶ ሰቀለው ብልህ ደስ ይልህ ነበር። አልሰቀለውም። ኢንተርኔቱም ዛሬ ድረስ አለ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ሲመሽ ማንም ማየት የፈለገውን ይዞ ሳሎን ይመጣል፤ በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ነገር ብቻ ይከፈታል፤ የቱ ይከፈት ተብሎም እንደገና ይጣላሉ። ጎረቤቱ አሁን «ያን የመሰለ ጸጥ ያለ ቤት ምን ነካው?» እያለ ያዝናል።

እንግዲህ ምሳሌውን ልፍታልህ። ዲሽ ስልህ ያን ብረት ብቻ አይደለም። ሰውን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይዞ የሚያጣላ ገመድ ነው። ገመዱን መፍታት በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ልጆችህም የሚወዱትን ቢያዩ ምንም አይደል። ነገር ግን በዚያ ገመድ ተደግፎ የቆመ ደካማ ሰው በየቤቱ አለ። ገመዱ ሲፈታ ሌላው ወደፈለገበት ይሄዳል፤ እሱ ባለበት ይወድቃል። ሲወድቅም አይጮህም፤ ደህና ነኝ ነው የሚልህ። ያ ሰው የግድ ዓይነ ስውር አይደለም። ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ ሚስትህ ልትሆን ትችላለች፣ ከልጆችህም አንዱ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አንድ ነው፤ ሰው ካልነገረው፣ የተከፈተለት ሁሉ አይታየውም።

ያ የቆመው ማሽን ደግሞ ወቃሻችን ነው። ነፍስ የሌለው ነገር እንኳ ዝምታው ሲረዝምበት ቆም ብሎ «አላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ ግን፣ ሁሉን አሰናድቶ፣ ትራሳቸውን አስተካክሎ፣ ያን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ነበር በሩን የሚዘጋው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በክፋት ቢሆን ንስሓ እሰጠው ነበር፤ በደግነት የተደረገን በደል ምን ብዬ ንስሓ ልስጠው?

ስለዚህ ኢንተርኔቱን አስገባ፤ አልከለክልህም። ግን አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ፣ አንተ መልስልኝ። እናትህ ሁልጊዜ ያቺን የመስኮት ዳር መቀመጫ ይዘው ነው የማገኛቸው። ትናንት ማታ ሁላችሁም እዚህ ሳሎን ውስጥ ተሰብስባችሁ ሳለ እሳቸው ምን ሲያዩ አመሹ? የትኛው ፕሮግራም ደስ ይላቸዋል? ማን ሲመጣ ነው የሚስቁት?

ዝም አልክ።

እንግዲያው ልጄ፣ አንተ ቤት ዲሹ ከወረደ ቆይቷል። ተነሥና ሄደህ ጠይቃቸው። ጠበሉ ይጠብቃል።